ስለ ካያክ የኋላ መደገፊያ የጻፋችሁትን አስተካክሉልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትም የጤና አምዳችሁ ላይ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ለሚውሉ ሰዎች፣ በተለይ ለታክሲና ለኡበር ሹፌሮች፣ ካያክ መቅዘፍ ጥሩ ስፖርት ነው ብላችሁ የጻፋችሁትን አነበብኩ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እዚህ ሲያትል በየትም ብንዞር ውሃ ነው፣ ግን ውሃው ላይ የሚወጣ አበሻ ጥቂት ነው፣ እና እንዲህ አይነት ነገር በራሳችን ቋንቋ ተጽፎ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ግን አንዱ ምክራችሁ ዝም ብዬ የማልፈው አልሆነም። ወገቡን የሚያመው ሰው ጀርባው ረጅምና ወፍራም መደገፊያ ያለው ካያክ ይምረጥ ብላችኋል። ይሄ ሀይቅ ላይ ለመዝናናት ለሚወጣበት ሰፊ ጀልባ ይሆን ይሆናል፣ ለባህር ካያክ ግን ልክ አደለም። እንደውም ወገቡን የሚያመው ሰው ይሄን ሰምቶ ሄዶ ቢገዛ የበለጠ ሊያመው ይችላል፣ ከዛም አልፎ ጀልባው ሲገለበጥ አደጋ አለው። ስለዚ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትዘኑብኝ፣ ነገሩ አጭር አደለም።

መጀመሪያ ስለየትኛው ጀልባ እንደማወራ ግልጽ ላድርግ። ካያክ ሲባል ብዙ አይነት ነው። አንዱ ላዩ ላይ ቁጭ የሚባልበት ነው፣ ውስጥ አይገባበትም፣ ብትወድቁ ተመልሳችሁ መውጣት ነው፣ እሱ ላይ እንደ ወንበር ያለ ረጅም መደገፊያ ቢኖር ብዙም ችግር የለውም። ሌላው አፉ ሰፊ የሆነ አጠር ያለ የሀይቅ ካያክ ነው። የባህር ካያክ የሚባለው ግን ወደ 5 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ጠባብ፣ ከላይ የተሸፈነ፣ ከፊትና ከኋላ በግድግዳ የታሸገ ክፍል ያለው ጀልባ ነው፣ ሰው የሚገባው መሀል ባለችው ኮክፒት በምትባል ቀዳዳ ነው። ወገብ ላይ ስከርት የሚባል ውሃ የማያስገባ ሽፋን ይታሰርና የስከርቱ ጠርዝ በኮክፒቱ ከንፈር ዙሪያ ይለበጣል፣ ማዕበል ሲመጣ ውሃ እንዳይገባ። እግር ወደፊት ተዘርግቶ መርገጫ ላይ ያርፋል፣ ጭንና ጉልበት ከደኩ ማለትም ከጀልባው የላይ ሽፋን ስር ይደገፋል። ባጭሩ ጀልባው ይለበሳል ማለት ይቻላል። መደገፊያውም የሚመረጠው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ረጅሙ መደገፊያ ለምን አይሆንም? ከኮክፒቱ ከንፈር በላይ ብቅ ካለ ስከርቱ ከኋላ በኩል በደንብ አይገጥምም፣ ወይ ይወጠራል ወይ ክፍተት ይተዋል፣ ውሃ በዛ ይገባል። ላይፍ ጃኬቱም ከታች ይመታውና ወደ አንገት ወደ ጆሮ ይገፋል፣ ሲቀዝፉ ቀኑን ሙሉ ያስቸግራል። ሁለተኛ ደግሞ ትክክለኛ ቀዘፋ የእጅ ስራ አደለም፣ ከወገብ በላይ ያለው ገላ በሙሉ ግራና ቀኝ እየዞረ ነው የሚሰራው፣ ረጅም መደገፊያ ትከሻና የጀርባ መሀል ላይ ተለጥፎ ይሄን መዞር ያግዳል፣ ገላ ካልዞረ ስራው በሙሉ ክንድና ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሶስተኛውና ትልቁ ከውሃ ውስጥ ተመልሶ የመግባት ጉዳይ ነው፣ እሱን ቆይቼ ለብቻው አነሳዋለሁ።

አሁን ወደ ወገቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም አምዳችሁ የተነሳው ለወገብ ህመምተኛ ነው። ይሄን ቤታችሁ መሬት ላይ መሞከር ትችላላችሁ። ግድግዳ ተደግፋችሁ እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉና ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን ከወገባችሁ ኋላ አድርጉ። አብዛኛው ሰው ወገቡ ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ ነው የሚያገኘው፣ የተፈጥሮ ጎድጓዱ ጠፍቷል። ምክንያቱ ከጭን በስተኋላ ያለው ጡንቻ ነው፣ ጡንቻው ከላይ የተያያዘው ከዳሌ አጥንት ጋር ከመቀመጫችን ስር ነው፣ ከታች ደግሞ ከጉልበት በታች፣ እግር ሲዘረጋ ይወጠርና ዳሌውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ዳሌ ወደ ኋላ ሲዞር ወገብ አብሮ ይጎብጣል። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ደግሞ ይሄ ጡንቻ ብዙ ጊዜ ያጠረና የደረቀ ነው። አሁን ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉት፣ ወዲያው ወገቡ ቀና ለማለት ይቀለዋል። ህመሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ከመደገፊያ ማነስ አደለም። በዛ ላይ ረጅም መደገፊያ ሲጨመር ሰው ትከሻውን ጥሎ ይደገፋል፣ ላይኛው ጀርባ ሲደገፍ መቀመጫችን ወደፊት ይንሸራተታል፣ ወገቡ መሀል ላይ ባዶ ቀርቶ ይጎብጣል፣ ልክ የላላ ሶፋ ላይ ተንጋሎ ቲቪ እንደማየት ነው፣ ለ10 ደቂቃ ይመቻል ከ1 ሰዓት በኋላ መነሳት ያቅታል።

ስለዚ የባህር ካያክ መደገፊያ ስራው ሰውን ማስደገፍ አደለም። ስራው ዳሌን ከኋላ መያዝ ነው። ሲቀዝፉ በቀኝ ሲስቡ በቀኝ እግር መርገጫውን ይገፋሉ፣ በግራ ሲስቡ በግራ፣ መግፋቱ መቀመጫችንን ወደ ኋላ ሊያንሸራትት ይፈልጋል፣ ያኔ መደገፊያው ዳሌውን ይዞ ያስቀራል፣ ጉልበቱም ወደ ጀልባው ያልፋል። ሲደክመን ደግሞ ወገብ መጉበጥ ሲጀምር ነካ ያደርገንና ቀና በሉ ይላል። በቃ። ሰውየው ራሱ ቀና ብሎ እንደውም ትንሽ ወደፊት ዘንበል ብሎ ነው የሚቀዝፈው። በኦሎምፒክ ቀጥ ባለ መስመር በፍጥነት የሚወዳደሩትን የካያክ ቀዛፊዎች አይታችሁ ከሆነ ኋላቸው መደገፊያ የሚባል ነገር የለም፣ ሰርፍ ስኪ የሚባለው ረጅሙ የባህር ጀልባም የለውም። ካያክን የፈጠሩት የሰሜን ህዝቦች፣ የግሪንላንድ ኢኑዊቶች ለምሳሌ፣ ከኮክፒቱ ኋላ የምታልፈው የእንጨት ወራጅ ናት ከታች የምትይዛቸው። ባህር ዳር ያደጋችሁ ደግሞ ታስታውሳላችሁ፣ ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ማዶ ለማዶ የሚሻገሩት አባቶች እግራቸውን ዘርግተው ቀና ብለው በቀርቀሃ ነው የሚቀዝፉት፣ ከኋላ የሚደገፉት ነገር የላቸውም። እኛ ከመኪና ወንበር ወርደን ለምንመጣው እንደነሱ ያለ ምንም መደገፊያ ይሁን እያልኩ አደለም፣ መደገፊያ ያስፈልገናል፣ ግን ዝቅ ያለው።

ምን ምን አይነት አለ ለሚለው፣ በብዛት የምታገኙት ባክባንድ የሚባለው ነው። ውስጡ ፎም ያለው ሰፊ ቀበቶ በሉት፣ ቁመቱ ከስንዝር አያልፍም፣ በሁለት ጎን ስትራፕ ወጥቶ ከመቀመጫው ግራና ቀኝ ይታሰራል፣ በበክል ይጠብቃል ይላላል። ሌላው አጠር ያለ የፕላስቲክ መደገፊያ ነው፣ ከመቀመጫው ጋር በማጠፊያ የተያያዘ፣ ዝቅ ያለ ከሆነ ምንም አይልም። ሌላው የፎም ብሎክ ነው፣ ከመቀመጫው ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ወይ ተለጥፎ የሚቀመጥ፣ በሰውየው ገላ ልክ ተፈልፍሎ የሚሰራ። አየር የሚሞላ ትራስም አለ፣ እሱ ልክ ሆኖ አይቆይም፣ ፀሀይ ሲመታው ይወጠራል ውሃው ሲያቀዘቅዘው ይኮማተራል፣ እኔ አልመክርም። ለአብዛኛው ሰው ባክባንድ ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም ሊስተካከል ይችላል፣ ሰው በጋና ክረምት ልብሱ ይለያያል፣ በክረምት ድራይ ሱት የሚባለው ውሃ የማያስገባ ልብስ ከነወፍራም የውስጥ ልብሱ ሲለበስ ትንሽ ይላላል በጋ ላይ ይጠብቃል። የሚሰበርና የሚበላሽ ነገር ለማይፈልግ፣ ጀልባውንም ሌላ ሰው ለማይነዳበት፣ የፎም ብሎኩ ግሩም ነው። ጥርስ ባለው መዘውር የሚጠብቀውን አይነት ለባህር አልወደውም፣ አሸዋና ጨው ሲገባበት ይነክሳል አልላላም ይላል፣ ቀላሉ የስትራፕ በክል ይበቃል።

ሱቅ ስትሄዱ በእጅ ተጭናችሁ አትመኑ። እጅ ላይ ለስላሳ የሆነው ሁሉ ጥሩ ይመስላል። በጣም ለስላሳ ፎም ክብደት ሲያርፍበት ይጠፈጠፍና የታችኛው ጨርቅና ስትራፕ ብቻ ይቀራል፣ መጠነኛ ጥንካሬ ያለውን ምረጡ። ስፌቱና በክሉ የት እንደሚያርፍ እዩ፣ የጀርባ አጥንት መሀል ላይ የሚመጣ ስፌት ከ1 ሰዓት በኋላ ቆዳ ይልጣል። ስፋቱ ዳሌን ከጎን ትንሽ አቅፎ መያዝ አለበት፣ ቀጭን ሰው ሰፊ ባንድ ቢገዛ ጫፎቹ ኮክፒቱ ጎን ላይ ታጥፈው ይቀራሉ። ደግሞ ከሁሉም በላይ ከኋላ የሚይዘው ነገር እንዳለው ጠይቁ፣ ማለትም ባንዱን ከኮክፒቱ ኋላ ጋር የሚያያይዝ ቡንጂ የሚባል የላስቲክ ገመድ። ያ ከሌለ ባንዱ ስትነሱ ወደፊት ይወድቃል፣ ስትቀመጡ ላዩ ላይ ትቀመጡበታላችሁ። ዋጋው የሚያስፈራ አደለም፣ አብዛኛው ከ100 ዶላር በታች ነው፣ ጀልባ ከመቀየር ጋር አይወዳደርም።

አሁን አገጣጠሙ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው። ባክባንዱ መጨረሻ ላይ ነው የሚስተካከለው፣ መጀመሪያ ላይ አደለም። መጀመሪያ መቀመጫው። አንዳንድ መቀመጫ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፣ ዳሌን እዛው ይጥለዋል፣ የፈለገው ባክባንድ ቢመጣ አያቃናውም። ከመቀመጫው የኋላ ክፍል ላይ 1 ወይ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ፎም መጨመር ዳሌውን ወደፊት ያዞረዋል፣ ለውጡ ወዲያው ይሰማል፣ ከዛ በላይ ግን አትጨምሩ ምክንያቱም ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ጀልባው መወላወል ይጀምራል። ፎሙ እንዳይንሸራተት መለጠፍ አለበት። የሶፋ ስፖንጅ አታድርጉ፣ ውሃ ይመጥጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይሸታል። ውሃ የማይመጥጠው ሚኒሴል የሚባለው ፎም አለ፣ እሱን ነው የምትፈልጉት፣ በመጋዝ ይቆረጣል በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይቀረጻል።

ቀጥሎ እግር። መርገጫው በጣም ከቀረበ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፣ መርገጫውን በነካችሁ ቁጥር ሰውነታችሁ መደገፊያው ላይ ይጨመቃል፣ ባክባንዱ የቆረቆረን ይመስለናል ጥፋቱ ግን የእግር ነው። በጣም ከራቀ ደግሞ እግር ቀጥ ይላል፣ ያ ከጭን ኋላ ያልኳችሁ ጡንቻ ይወጠራል፣ መቀመጫችን ወደፊት ይንሸራተታል። ልኩ የእግር ጣቶች ስር ያለው ወፍራሙ ክፍል መርገጫው ላይ አርፎ፣ ተረከዝ ወደ መሀል ገባ ብሎ፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ወደ ጎን ከፈት ብሎ፣ ጭን ከደኩ ስር ያለውን መያዣ በቀላሉ ሲነካ ነው። ዘና ስትሉ እግር ያርፋል፣ ስትፈልጉ ገፋ አድርጋችሁ ጀልባውን ትይዙታላችሁ። ሰው ጫማ ይቀይራል፣ ያ ራሱ ልዩነት አለው፣ በምትቀዝፉበት ጫማ ለኩ።

ከዚህ በኋላ ባክባንዱ። ሁለቱን ስትራፕ ሙሉ በሙሉ አላልታችሁ ግቡ። ቁጭ በሉና እጃችሁን ወገባችሁ ላይ ጣሉት፣ አውራ ጣት ወደ ኋላ ሆኖ የዳሌ አጥንቱን ጫፍ ያግኝ። የባንዱ ላይኛው ጠርዝ እዛ አውራ ጣቱ አካባቢ መሆን አለበት፣ ከዛ በላይ ከወጣ ለስላሳው ወገብ ላይ ነው ያለው፣ ዝቅ ማለት አለበት። የኮክፒቱን ከንፈርም ማለፍ የለበትም። ባንዱ ሲቀዝፉ ወደ ላይ እየወጣ ካስቸገረ ብዙ ጊዜ ስትራፑ ፊት ለፊት የታሰረበት ቦታ ከፍ ብሏል ወይ የኋላው ቡንጂ በጣም ጠብቋል ማለት ነው፣ ወደ ታች እየገባ ከመቀመጫው ስር የሚሸጎጥ ከሆነ ደግሞ ቡንጂው ላልቷል። ከዛ ትንሽ ወደፊት ዘንበል በሉና ሁለቱን እኩል አጥብቁ፣ ቀና ስትሉ ባንዱ ነካ ማድረግ አለበት፣ መግፋት የለበትም። እኩል የሚለውን አደራ፣ አንዱ ጎን ከጠበቀ ዳሌ ጠመም ብሎ ይቀመጣል፣ ሰውየው ሳያቀው ለሰዓታት ተጣሞ ይቀዝፋል፣ ማታ አንድ ጎኑን ብቻ ሲያመው ፍራሹ ነው ይላል። ልኩን ካገኛችሁ በኋላ ስትራፑ ላይ በማይለቅ ማርከር ምልክት አድርጉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፍለጋ የለም። መጀመሪያ ቀን የጠበቀውን ከ10 ደቂቃ ቀዘፋ በኋላ ብዙ ሰው ትንሽ ያላላዋል፣ ያ ጤነኛ ነው።

ይሄን ሁሉ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ጀልባውን አስገብታችሁ ግማሽ ሰዓት እየተጨዋወታችሁ ቁጭ በሉበት። ግራና ቀኝ ዙሩ፣ ባንዱ ከያዛችሁ አይሆንም። ወደፊት ደኩ ላይ ተኙ። ወደ ኋላ በጀርባችሁ ጀልባው ላይ ተጋደሙ፣ የሚወጋ ነገር ካለ አይሆንም፣ ምክንያቱም ተገልብጦ በመቅዘፊያ መነሳት ለሚማር ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ መተኛት ይመጣል። ስከርቱን ልበሱና ከኋላ ሰው ያይላችሁ። እግር ከደነዘዘ ቶሎ ባክባንዱን አትውቀሱ፣ ብዙ ጊዜ የመቀመጫው የፊት ጠርዝ ጭን ስር ያለውን ነርቭ ተጭኖት ነው፣ ጠርዙን በፎም ማለስለስ ወይ ከጭን ስር ደገፍ የሚያደርግ ነገር መጨመር ይረዳል።

አሁን ቆይቼ አነሳዋለሁ ወዳልኩት ልምጣ። ሲያትል ዳር ያለው ባህር፣ ፒዩጀት ሳውንድ ላይ፣ የውሃው ሙቀት አመቱን ሙሉ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፣ በነሀሴ ፀሀይም ቢሆን። ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያስተምሩ 1-10-1 ይላሉ፣ መጀመሪያ 1 ደቂቃ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት፣ ከዛ እጅና እግር በደንብ የሚሰራበት 10 ደቂቃ ገደማ፣ ከዛ ቅዝቃዜው ራስን ለማሳት የሚፈጅበት 1 ሰዓት ገደማ። በዛች 10 ደቂቃ ውስጥ ነው ተመልሳችሁ መግባት ያለባችሁ። አገባቡ እንዲህ ነው፣ የተገለበጠው ጀልባ ይቃናል፣ ጓደኛችሁ ይይዝላችኋል፣ እናንተ በሆዳችሁ የኋላው ደክ ላይ ትወጣላችሁ፣ እግራችሁን በኮክፒቱ ታስገባላችሁ፣ ወደ ውስጥ ተንሸራታችሁ ከዛ በጀርባችሁ ዞራችሁ ትቀመጣላችሁ። ከመንገዱ መሀል ረጅም ወንበር ቢቆም የት ጋ እንደሚይዛችሁ አስቡት፣ ላይፍ ጃኬቱ ይጠመድበታል፣ ወይ ወንበሩ ወደፊት ታጥፎ መቀመጫውን ይዘጋዋል። ቡንጂ የሌለው ባክባንድም እንደዛው ይታጠፋል፣ ላዩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ጀልባው የባሰ ይወላወላል፣ ስከርቱ አይገጥምም፣ እንደገና ትገለበጣላችሁ። ለዚህ ነው ምክራችሁ ይታረም ብዬ የምከራከረው፣ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ሰው የወደደውን ይግዛ እል ነበር።

ስለዚ አዲስ መደገፊያ የገጠመ ሰው ባህር ከመውጣቱ በፊት በጋ ላይ ሌክ ዋሽንግተን ይሂድ፣ ሰዋርድ ፓርክ ለሬኒየር ቫሊ ሰው ቅርብ ነው፣ ውሃውም ያኔ ይሞቃል። ደረት በሚደርስ ውሃ፣ አጠገቡ ሰው ቆሞ፣ ይገልብጠው፣ ስከርቱን ፈትቶ ይውጣ፣ ተመልሶ ይግባ። ሲወጣ እግሩን ወይ ላይፍ ጃኬቱን የያዘው ስትራፕ ካለ፣ የተረፈው የስትራፕ ጫፍ ተንጠልጥሎ ከሆነ፣ እዛው ይቆረጥ ይታሰር። ይሄ ሳይደረግ ከምዕራብ ሲያትሉ የአልካይ ዳርቻ ተነስቶ ባህሩን ወደ ብሌክ ደሴት መሻገር ትክክል አደለም፣ ወደ 4 ማይል ገደማ ነው፣ ትላልቅ መርከቦች የሚያልፉበትን መስመር አቋርጦ ነው፣ መሀል ላይ ወርዶ ወገብ ማፍታታት የለም።

ጨው ደግሞ አለ። ከባህር በተመለሳችሁ ቁጥር ባክባንዱን በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ፎሙ እስኪደርቅ ኮክፒቱን ክፍት ተዉት። ብሎኖቹ የማይዝግ ብረት መሆናቸውን እዩ፣ ይላላሉ፣ ገመዱ ከፕላስቲኩ ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ይበላል፣ በየጊዜው ማየት ነው። ትርፍ ገመድ ይያዝ። ባህር መሀል ስትራፕ ቢበጠስ ልብስ የያዘ ውሃ የማይገባው ቦርሳ ከወገብ ኋላ አስገብታችሁ ማስያዝ ትችላላችሁ፣ ግን ሲገለበጥ እንዳይጠመድባችሁ በደንብ ይቀመጥ። በገዛ እጁ ጀልባው ውስጥ የሚሰራ ሰው ማጣበቂያ ሲጠቀም ውጭ አየር ያለበት ይስራ፣ ኮክፒት ውስጥ ጭንቅላት አስገብቶ ያንን ሽታ መሳብ ጥሩ አደለም።

አምዳችሁን አንብቦ የደወለልኝ አንድ የምወዳቸው ጋሼ አሉ፣ ረጅም አመት ታክሲ የነዱ፣ ዲስክ አለብህ የተባሉ። ሊገዙ ነበር ያሰቡት። ለእሳቸውና ለእንደሳቸው ያሉት የምለው፣ መጀመሪያ ሀኪም ወይ ፊዚዮቴራፒስት ይጠይቁ፣ እግር ዘርግቶ ቁጭ ማለት ለሁሉም አይነት ህመም አይሆንም። ህመሙ ከጉልበት በታች የሚወርድ ወይ እግር የሚያደነዝዝ ከሆነ ሳይታዩ አይውጡ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ደግሞ ያ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ፈቃድ ያገኘ ሰው በቀን ለጥቂት ደቂቃ ከጭን ኋላ ያለውን ጡንቻ ማሳሳብ ይጀምር፣ ከየትኛውም ከሚገዛ መደገፊያ በላይ የሚረዳው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዛ ይከራይ፣ አይግዛ። ሌክ ዩኒየን ላይ በሰዓት የሚያከራዩ አሉ፣ አንድ ቀን አንዱን ጀልባ ሌላ ቀን ሌላውን ሞክሮ፣ ለአከራዮቹ መርገጫውና ባክባንዱ ይስተካከልልኝ ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው፣ እኛ ሰው ላለማስቸገር ብለን የተሰጠንን ይዘን እንሄዳለን፣ እዚህ ግን ይጠየቃል። ከ1 ሰዓት ያልበለጠ፣ ዳርቻውን ይዞ፣ መሀል ላይ ወርዶ ቆም ብሎ፣ እንደዛ ይጀመር።

ከናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ያ ረጅም መደገፊያ ምረጡ ያላችሁት ላዩ ላይ ለሚቀመጡበት ካያክ ብቻ እንደሆነ፣ ስከርት ለሚለበስበት የባህር ካያክ ግን ከኮክፒቱ ከንፈር የማያልፍ ዝቅ ያለ እንዲሆን በሚቀጥለው እትም አስተካክላችሁ ጻፉ፣ ጽሁፉ በወጣበት እዛው ገጽ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው ምክንያቱም እርማት ታች ጥግ ላይ ሲወጣ ሰው አያየውም። ሁለተኛ ከቻላችሁ አንድ ስዕል አብራችሁ አውጡ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ከጎን የሚያሳይ፣ ባንዱ የት እንደሚያርፍና ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ፣ እኔ ስሎ የሚሰጥ ሰው አገኛለሁ፣ ክፍያ አልጠይቅም። ሰው እዚህ ጀልባ የሚገዛው ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ ነው፣ ከዛ በፊት ቢወጣ ይደርሳል።

አክባሪያችሁ
አንባቢያችሁ፣ ከደቡብ ሲያትል